ለፈረንጅ መንግሥት ያጻፍሁት ደብዳቤ

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ነበር፤ እኔ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዕድሜየን እንደ ሌላው ሰው በግምት አይደለም የምናገረው። ያጠመቁኝ ቄስ በዳዊታቸው የመጨረሻ ቅጠል ላይ ቀኑን ጽፈውት ስለነበረ አውቀዋለሁ።

በኅዳር መጨረሻ፣ ገብሱን አጭደን ከምረን ሳለን፣ አንድ ጎረቤቴ ከደባርቅ ሲመለስ አጥሬ ላይ ቆሞ ጠራኝ። ደባርቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ናት የላከችው። ልጅህ ከአውሮፓ በስልክ ይፈልግሃል፣ ነገ በአራት ሰዓት ሱቋ ድረስ ና ብላሃለች አለኝ። እኔ ወንድ ልጅ የለኝም፣ ሞቷል ብለህ ንገራት አልሁት።

«መሞቱንስ አውቃለሁ፤ ተዝካሩን በልቻለሁ» አለኝ። «ሥጋውም ጥሩ ነበር። ግን ሟቹ ስልክ ይዟል።»

እየሳቀ ሄደ። ለምን እንደሳቀ እንዲገባችሁ ከዚያ አምስት ዓመት በፊት ያደረግሁትን መናገር አለብኝ። ሰው ስለ እኔ በየጠላ ቤቱ ሲያወራው ከሚኖር እኔው ልናገረው።

ሦስት ልጆች ወለድሁ። ሁለቱ ሴቶች ዳባት ተድረዋል። ታናሹ ወንድ ነው። በሰባት ዓመቱ የቄስ ትምህርት ቤት አስገባሁት፤ ዳዊት ደገመ፤ ዲቁና ተቀበለ። ድምፁ ጥሩ ነበር። እሑድ ቅዳሴ ላይ ሲያዜም እንባ የሚይዘኝ እኔን ነበር እንጂ እናቱን አልነበረም፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁትም። በኋላ የመንግሥት ትምህርቱንም ጨርሶ መምህርነት ሊማር ጎንደር ወረደ። ከጎንደር ጴንጤ ሆኖ ተመለሰ።

እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ በፍልሰታ ጾም መጥቶ ጓሮ ሲታጠብ አንገቱን አየሁት። ማተብ የለውም። ወድቆብህ ነው ወይ አልሁት። ወድቆብኝ ነው ቢለኝ ኖሮ ሌላ ገዝቼ አስርለት ነበር፤ ነገሩም እዚያው ባለቀ። እሱ ግን አውልቄዋለሁ፣ የማምነው በልቤ ነው፣ አንቱን መዋሸት አልፈልግም አለኝ። ከእኔ የወረሰው ነገር ቢኖር ይህ ግትርነቱ ነው። እሰር አልሁት፤ አላስርም አለ። እንግዲያስ ከቤቴ ውጣ አልሁት። እናቱ ያቀረበችውን ሽሮ ሳይቀምስ ወጣ።

በአርባኛው ቀን ተዝካሩን አወጣሁ። የንስሐ አባቴ አይሆንም ብለው ነበር። ተዝካር የሚወጣው ለሞተ ክርስቲያን ነው፣ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አላደርስም፣ በእግዚአብሔር ላይ መቀለድ ነው አሉኝ። አንቱ አይምጡ፤ በሬው የእኔ፣ ጠላው የእኔ፣ ልጁም የእኔ አልኋቸው። ዳስ ጣልሁ። ጎረቤት ሁሉ መጣ፤ ግማሹ እግዜር ያጽናህ ሊለኝ፣ ግማሹ ሊያይ። ባለቤቴን ነጠላሽን አዘቅዝቂ አልኋት፤ ሐዘንተኛ የሚለብሰው እንደዚያ ነው። «የእኔ ልጅ ጎንደር ነው» አለችኝና እንደ ወትሮዋ ለብሳ ወጥ ስትቀዳ ዋለች። አንዲት እንባ አልወጣትም። በሰው ፊት አሳፈረችኝ።

ከቀትር በኋላ ልጁ ራሱ መጣ። ከሳጥኑ ሰርተፊኬቱን ሊወስድ ነው የመጣው፤ ምን እንደተደገሰ አያውቅም። በተዝካር ቀን የኔ ቢጤዎች በአጥሩ ሥር ተደርድረው ይቀመጣሉ። ስለ ሟቹ ነፍስ ይበላሉ፤ በልተው ሲነሡ ነፍስ ይማር ይላሉ። ልጄ ዳሱን አይቶ ደንግጦ አንዱን ማን ሞቶ ነው ብሎ ጠየቀው። ሰውየው የማንን ፊት እንደሚያይ ሳያውቅ፣ የዚህ ቤት ልጅ ነው፣ ጎረምሳ ነበር አሉ አለው። ልጄ እዚያው ከየኔ ቢጤዎቹ መካከል ቁጭ አለ።

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እኔ ተነሣሁ። በትሪ እንጀራ አደረግሁ፣ በላዩ ወጥ ጨለፍሁ፣ በራሴ እጅ ይዤ ሄጄ ፊቱ አስቀመጥሁት።

«እንካ። ስለ ልጄ ነፍስ ብላ» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። በላ። ቀስ ብሎ፣ አንዲት ጉርሻ ሳያስቀር በላ። ሲጨርስ ትሪውን በሁለት እጁ አቀበለኝና «ነፍስ ይማር» ብሎ ወጣ። ሰርተፊኬቱን እናቱ በጓሮ በኩል እንዳቀበለችው ያወቅሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ያን ቀን ትልቅ ሰው የሆንሁ መሰለኝ። ሰው ትከሻየን እየነካ፣ አብርሃም ነህ፣ ልጁን የሰጠ አለኝ። እኔም አመንሁ።

ልጁ ዳባት በመምህርነት ተቀጠረ። ግን ተዝካሩ የወጣለትን ሰው ማን ቤት ያከራየዋል? ሁለቴ ከተከራየበት አስወጡት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጎረምሶች በድንጋይ ራሱን ፈነከቱት። ደሙ ሲወርድ፣ የሞተ ሰው ደም አለው እንዴ እያሉ ሳቁበት አሉ። ይህን ትልቋ ሴት ልጄ ናት ከዳባት መጥታ የነገረችኝ። ከዚያ በመተማ በኩል ወጣ ተባለ፤ ሱዳን ገባ ተባለ፤ ባሕር ተሻገረ ተባለ። አምስት ዓመት ሙሉ ስሙ ቤቴ ውስጥ አልተነሣም።

ጎረቤቴ የስልኩን መልእክት ባመጣልኝ በነጋው አልሄድም ብየ ነበር። በአራት ሰዓት ግን ደባርቅ ነበርሁ።

ባለ ፎቶ ኮፒዋ የእህል ነጋዴው ልጅ ናት። አባቷ እስላም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ገብሴን ሸጬለታለሁ። እሱ ያረደውን እኔ አልቀምስም፣ እኔ ያረድሁትን እሱ አይቀምስም ነበር፤ ሲሞት ግን ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። እሷ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል የተማረች ናት። አሁን ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ባለ ሁለት ማሽን ሴት ናት፤ ሻሿን እስከ ግንባሯ ጠቅልላ ኮምፒዩተሯን ስትመታ ጣቷ አይታይም። ምላሷም እንደዚያው ነው። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ድምፁን ከፈተችው።

«አባባ፣ እንደምን ነዎት?» አለ። ድምፁ አልተለወጠም።

«ማን ልበል?» አልሁት።

ባለ ፎቶ ኮፒዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ ግን እንዳልሰማ ሆኖ ነገሩን ቀጠለ። ያለበት አገር ስም አፌ ላይ አይቆምም፤ ብርዳም ነው። ጥገኝነት ጠይቆ ሁለት ዓመት ሞላው። በሃይማኖቴ ምክንያት ተሰደድሁ አላቸው፤ አላመኑትም። የምትጠይቀው ሹም፣ በሕይወት ላለ ልጁ ተዝካር የሚያወጣ አባት በዓለም ላይ የለም አለችው። እሺ አወጣ እንበል፣ በእጁ ካበላህ ደግሞ ምኑን አሳደደህ አለችው። ደግሞስ አባትህ ቤተ ክርስቲያን ሂድ ሲልህ ሄደህ፣ የራስህን ጸሎት በልብህ ብትጸልይ ማን ያውቅብህ ነበር አለችው። አሁን የአባትህን ቃል በማኅተም አምጣ ብለውታል። ያደረጉትን ብቻ ይጻፉልኝ፣ አንዲት ነገር አይጨምሩ፣ አይቀንሱ አለኝ።

እኔ ፈረንጅን የማውቀው በበቅሎ ነው። በጉልበቴ ጊዜ ጓዛቸውን ጭኜ ሰሜን ተራራ ላይ ጊች ድረስ አደርስላቸው ነበር። ማዕድ ሲቀርብላቸው አንዱም ሲያማትብ አላየሁም። አንዱን ሽማግሌ በአስጎብኚው አፍ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብየ ብጠይቀው፣ እሱን የምታውቀው አያቴ ነበረች ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ፈረንጅ ሃይማኖት የለውም ብየ ነበር የያዝሁት። ሃይማኖት የሌለው ሰው የልጄን ሃይማኖት በምን መዝኖ ነው አለህ የለህም የሚለው? ይህን ብላት ባለ ፎቶ ኮፒዋ ሳቀችብኝ።

ከስልኳ እያነበበች አስረዳችኝ። ስሙ ላይ ክርስቲያን የሚል ፓርቲ አላቸው አለች። በዚያ ሰሞን ምርጫ ነበረ፤ ሌላም አዲስ ፓርቲ ተነሥቶ አገራችን የክርስቲያን አገር ናት፣ በየመሥሪያ ቤቱ መስቀል ይሰቀል፣ ስደተኛ ይውጣ እያለ ፓርላማ ገባ። እስላሟ አስተማሪ ደግሞ ሻሽ አስራ ክፍል አትገባም፣ መንግሥት ከሃይማኖት ነጻ ነው ብለው ይከራከራሉ አለች።

መስቀል መስቀላቸውስ ደግ ነው አልኋት።

«ደግ አይበሉ፣ አባባ። እኔን ሻሽሽን አውልቂ ይሉኛል፤ ልጅዎን ማተብህን ለምን አወለቅህ ይሉታል። ምን ዓይነት አንገት እንደሚወዱ አልገባኝም።»

«አንቺ እዚያ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?»

«ኧረ የትም አልሄድ። አንቱን ትቼ?»

ልጄ በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። በአምስት ዓመት መጀመሪያየ ነው። ሳቁ ልቤን ሊያላላው ሲል ተናደድሁ፤ መንግሥት ከሃይማኖት ምን አገናኘው፣ የእኔ ቤት ነገር የእኔ ነው፣ ለፈረንጅ ችሎት አላቀርብም አልሁ።

«አባባ» አለኝ፣ «በደርግ ጊዜ እሑድ እርከን አልሠራም ብለው ዘጠኝ ቀን የታሰሩ አንቱ አይደሉም?»

ነኝ። ካድሬው እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሰዓት ላይ ለእርከን ሥራ ያስወጣን ነበር፤ አልወጣም ብየ ዘጠኝ ቀን በጨለማ ቤት ታስሬያለሁ። ይህን ታሪክ ልጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! ያኔ ካድሬው ያለኝ ደግሞ ልክ ሹሟ ልጄን ያለችውን ነበር፤ በልብህ ጸልይ፣ በእጅህ ሥራ ነው ያለኝ። መልስ ያጣሁ ጊዜ ደግሞ የምብስ ሰው ነኝ።

ጻፊ አልኋት።

ሁሉንም አጻፍሁ። ማተቡን፣ ሽሮውን፣ በሬውን፣ ትሪውን፣ ስለ ልጄ ነፍስ ብላ ማለቴን፣ የዳባቱን ድንጋይ። ልጁ ከጠየቀው የባሰ አድርጌ፣ ግን አንዲት ውሸት ሳልጨምር። እሷ እየመታች አንዳንዴ ታቆምና ታየኛለች፤ ቀጥይ እላታለሁ። ልጁ የሚሰማበት ስልክ ተዘግቶ ነበር። መጨረሻ ላይ እንዲህ በይ አልኋት፦ ደጄ ግን አልተዘጋም። ተመልሶ መጥቶ ቄደር ቢጠመቅ ልጄ ነው፣ ርስቴም የእሱ ነው፣ ማንም አይነካውም።

ቄደር ማለት ከሃይማኖቱ ወጥቶ የነበረ ሰው ሲመለስ የሚጠመቀው ነው። ቀኖና ነው። እኔ ያላወጣሁት፣ ማንም የማይሽረው ነው።

እጇን ከኮምፒዩተሩ አነሣች።

«ይቺን እንተዋት፣ አባባ።»

«ለምን?»

«ሌላውን አያነቡም። ይቺን ብቻ ነው የሚያነቡ። አባቱ ና ብሎታል ብለው ይመልሱታል።»

«ይመልሱት።»

«እሱ መመለስ አይፈልግም።»

«ውሸት ጻፊ አላልሁሽም። እውነት ነው። ጻፊ።»

«አንቱ እኮ...» አለችና ተወችው። ጻፈች። አጉድላብኝ እንዳይሆን አትሚውና አምጪ አልኋት። ፊደል የቆጠርሁት ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቀስ ብየ በጣቴ እየተከተልሁ ይነበብልኛል። መጨረሻዋ መስመር እስክደርስ ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅ አልቀረም። መስመሯ ሳትጎድል አለች። ስሜን ጻፍሁበት።

ቀበሌ ወስጄው ጸሐፊው ከላይ እስከ ታች አነበበው። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ። «ደግ አባት ነዎት» አለኝ። «ስንቱ፣ ልጄ ፈረንጅ አገር እንዲቀርልኝ ብሎ፣ ከመጣ እገድለዋለሁ የሚል ውሸት ይዞ ማኅተም ምታ ይለኛል። አንቱ እውነት ይዘው መጡ።» መታልኝ። ከዚያ ወረቀቱ ልጄ ሳያየው በባለ ፎቶ ኮፒዋ ስልክ በቀጥታ ለስደተኛ መሥሪያ ቤቱ ተልኮ እዚያው አገር ተተረጎመ።

ሳላውቅ ያደረግሁት እንዳይመስላችሁ። ነግራኝ ነበር። እኔ አንገቱን ይዤ ላመጣው ያልቻልሁትን ልጅ የፈረንጅ መንግሥት አንገቱን ይዞ እንዲያመጣልኝ ፈለግሁ። መስቀል ይሰቀል የሚሉት ሰዎች ለእኔ የሚሠሩ መሰለኝ። የንስሐ አባቴን ለቄደሩ ይሰናዱ አልኋቸው። ዳባት ገበያ ወርጄ ጥቁር ማተብ ገዛሁና ኪሴ ከተትሁት። ለባለቤቴ፣ ለልጁ ደብዳቤ እንደጻፍሁለት ብቻ ነገርኋት፤ ያን ምሽት እግሬን አጠበችኝ። አምስት ዓመት አጥባኝ አታውቅም ነበር። ያችን መስመር አልነገርኋትም።

መልሱ በግንቦት መጣ፤ ማክሰኞ ቀን ነው። ለገብስ እርሻየን ደግሜ ሳርስ ባለ ፎቶ ኮፒዋ በመልእክተኛ አስጠራችኝ። ስደርስ ስልኩ ተከፍቶ ነበር፤ እሷ አላየችኝም፣ ጠረጴዛዋን ነበር የምታየው። ልጄ ሰላም አላለኝም። ከወረቀት ማንበብ ጀመረ፤ እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። የደረሰበትን ሁሉ አምነናል ይላል። ተዝካሩም እውነት ነው ይላል። ነገር ግን የአመልካቹ አባት ደጃቸው ክፍት መሆኑን በጽሑፍና በማኅተም አረጋግጠዋል፤ አገሩም በአሁኑ ጊዜ ተለውጧል፤ ወደ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑ ቢመለስ ክርስትናውን አያጣም፤ ስለዚህ ወደ አገሩ ይመለስ ይላል።

«ያቺን መስመር ማን ጨመራት?» አለ።

«እኔ» አልሁት።

«አንቺ አልነገርሻቸውም?» አላት።

«ነግሬያቸዋለሁ» አለች። ድምጿ አይሰማም።

«አውቀው ነው፣ አባባ?»

«አውቄ ነው። ቤትህ ና።»

በዚያኛው ወገን መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል። ከዚያ እንደ ተራ ነገር፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ ተናገረ።

«የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፖሊስ ሊወስደኝ ሲመጣ በደረጃው አልወርድም» አለ። «አንቱ ለአንዲት እሑድ ብለው ታሰሩ። እኔም የአንቱ ልጅ ነኝ።»

ባለ ፎቶ ኮፒዋ ስሙን እየጠራች ስልኩ ላይ ተደፋች። እኔ አፌን ከፈትሁ፤ ምን ልል እንደነበረ አሁንም አላውቀውም። እሱ ቀደመኝ።

«ነፍስ ይማር» አለኝ። ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። በደረጃው ወርዶ ወደ ሌላ አገር ጠፋ ይሁን፣ ሌላም ነገር ይሁን፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ ስልኩ አይነሣም። ዛሬ ተዝካር ላውጣ ብል ላለ ይሁን ለሞተ አላውቅም።

ያን ቀን እዚያው ሱቋ ውስጥ፣ ይግባኝ አለው ወይ አልኋት። ሁለት ሳምንት አለው አለች። ምን ይበጃል አልኋት። ማሽኖቿን እያጠፋች፣ ይሂዱልኝ አባባ፣ ዛሬ ዓይንዎን ማየት አልችልም አለችኝ። አንድ ደንበኛ ባይመጣ እንኳ በእኩለ ቀን የማትዘጋ ሴት የቆርቆሮ በሯን ስባ ዘጋችው።

ቤቴ ስደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። ባለቤቴ ደጅ ሆና ገብስ ትሰፍር ነበር። ቆሜ ነገርኋት፤ ያችን መስመርም ነገርኋት። መዋሸት እችል ነበር፤ አልለመደብኝም። ሰፌዱን አስቀመጠች። እጇን አራገፈች። ተነሥታ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈችና፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«አሁን ሞተ» አለችኝ። «ያኔ አልገደልኸውም ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች። በዳሱ ቀን ያልወጣት ሁሉ ወጣ። ጎረቤት ሰምቶ መጣ። ያ በአጥሬ ላይ የቀለደው ሰውም መጣ፤ ማን ሞቶ ነው አለ፤ ልጃችን አለችው። አንድም ሰው አልሳቀም። እኔን እግዜር ያጽናህ ያለኝ የለም፤ እሷን ብቻ ከበው ተቀመጡ። ማንም ውሃ ያቀበለኝ የለም፤ ራሴ ቀድቼ ጠጣሁ።

በማግሥቱ ረቡዕ ነው። ሳይነጋ ተነሥቼ ደባርቅ ወጣሁ። ባለ ፎቶ ኮፒዋ ስትመጣ ደረጃዋ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። ከፊቴ አልፋ በሯን ከፈተች። ተከትያት ገባሁ።

ሌላ ጻፊልኝ አልኋት። ምን ልጻፍ አለች።

«ከመጣ እገድለዋለሁ በይ። ፊተኛው ደብዳቤ ማታለያ ነው፣ ላጠምደው ብየ ነው ያጻፍሁት በይ። ጥይት ገዝቼ ተቀምጫለሁ በይ።»

«እውነት ነው?»

«ጻፊ።»

«አባባ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ነው የሚያዩት። ላያምኑ ይችላሉ። አንቱንም ፖሊስ ይጠይቅዎታል።»

«ይጠይቀኝ። ጻፊ አልሁሽ።»

መታችው። ፊተኛውን ስትጽፍ ታቆም ነበር፤ ይህን ሳታቆም ጨረሰች። አነበብሁት። አጭር ስለሆነ ብዙ አልፈጀብኝም። ስሜን ስጽፍ የመጨረሻው ፊደል ተበላሸብኝ። በዕድሜየ በወረቀት ላይ ስዋሽ ያ መጀመሪያየ ነው።

ቀበሌ ስሄድ ሰልፍ ነበር። ከፊቴ ያሉት የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ከበሬው የበሉ አሉበት። ተራየ ደረሰ። ያው ወጣት ጸሐፊ ነው። መታወቂያ ያሳዩ አለኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ ሳወጣው የዳባቱ ማተብ ተጠምጥሞበት ወጣ፤ ፈትቼ ወደ ኪሴ መለስሁት። ወረቀቱን ታጥፎ እንዳለ ይዞ፣ አወቀኝና ፈገግ አለ።

«የዛሬው ደግሞ ስለ ምንድን ነው፣ አባባ?»

ከኋላየ ያለው ሰልፍ እንዲሰማ አድርጌ፣ «ልጄ ከመጣ እገድለዋለሁ የሚል ነው፤ ማኅተም ምታልኝ» አልሁት።